አንድ ልጅ፣ አንድ ጭልፋ

ሚዛኑ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ላይ ቆመ። የምገባ ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየችው፤ ጆንያውን አውርዳ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማለቱን አረጋገጠችና እንደገና ጎትታ ጫነችው። ያው አርባ ዘጠኝ ከስድስት መቶ።

"አራት መቶ ግራም የት ገባች?" አለች ለብቻዋ። ጆንያውን ዙሪያውን ስትዳብሰው ከታች ጥጉ ላይ አይጥ የበሳት ቀዳዳ አገኘችና እፎይ አለች። ለጎደለው ነገር ምክንያት እስከተገኘለት ድረስ እሷ ሰላም ናት። ቀዳዳዋን በሲባጎ ሰፍታ መዝገቡ ላይ "አይጥ፣ 400 ግራም" ብላ ጻፈች።

በትምህርት ቤቱ ከጀርባዋ "እትዬ ግራም" ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የሒሳብ መምህሩ ነው ይባላል። ሰምታ እንዳልሰማች አልፋዋለች፤ እንዲያውም በሆዷ ሳትወደው አልቀረችም። ከእሷ በፊት የነበረው ኃላፊ በዘይት ጀሪካን ብቻ ስንት ጉድ ሠርቶ የሄደ ሰው ነው። በእሱ ጊዜ ወሩ ሳይጋመስ ሩዙ ያልቅና ልጆቹ ውሃ ጠጥተው ወደ ክፍል የሚመለሱበት ቀን ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ ምሳ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ ቀኗ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። በጽሕፈት ቤቱ ሥር ካሉት አሥራ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች በአምስት ወር ውስጥ ሠላሳ ጆንያ እህል ማትረፍ የቻለችው እሷ ብቻ ናት። ተሞክሮዋ በቅጽ ተሞልቶ ይፈረማል፤ ከእሱ ጋር ቋሚ ቅጥሯ ይጸድቃል። ኮንትራቷ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ባሏ ከሕንጻ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የቤት ኪራዩም፣ የመድኃኒቱም፣ እዚሁ ትምህርት ቤት የምትማረው ልጃቸው ደብተርም ከእሷ ደሞዝ ነው የሚወጣው። ይቺ ፊርማ ካመለጠቻት በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚበሉ አታውቅም።

ከንብረት ዝርዝሩ ያልታየ አንድ እቃ ብቻ ቀርቷል፤ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ። "ጭልፋ፣ ትልቅ፣ እጀታው የተሰበረ፣ ብዛት አንድ፣ የሚወገድ" ይላል። የተሰበረ እቃ በዓይን ካልታየ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ጭልፋው ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ የለም። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወደ ኩሽናው ሄደች።

ዋናዋ ምግብ አብሳይ፣ መምህሩም ተማሪውም እማማ የሚላቸው፣ ትልቁን ድስት በረጅሙ ማማሰያ እያማሰሉ ነበር። በዚህ ትምህርት ቤት ሩዙና ምስሩ አንድ ላይ ነው የሚበስለው።

"እማማ፣ ያ የተሰበረው ጭልፋ የት ደረሰ?"

"እጀታው የወለቀው? አለ፣ የት ይሄዳል። ጨው በርሜሉ ውስጥ እዪው። ጨው እሰፍርበታለሁ።"

"የመንግሥት ንብረት እኮ ነው እማማ።"

"ጨዉስ የማን ነው ታዲያ?" አሉ እማማ ሳይዞሩ።

ሳታስበው ፈገግ አለች። ጭልፋውን ከጨው ውስጥ አውጥታ አጠበችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አዲሱ ጭልፋ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሦስት ሱቅ ዞራ፣ ተከራክራ፣ በደረሰኝ የገዛችው ራሷ ናት። ባለሱቁ "መጠኑ ያው ነው፣ ዓይንሽ ይፍረድ" ብሏት ነበር፤ ዓይኗም ፈርዶ ነበር። አወረደችና ከአሮጌው ጎን ልታስቀምጠው ስትል ተንሸራትቶ አሮጌው ውስጥ ገባ። ቂው ብሎ ሥሩ ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተረፈ።

ከዚያ ሁለቱንም ይዛ ወደ መጋዘን ተመለሰችና በሩን ዘጋች።

በትንሹ ሚዛን ላይ ሳህን አስቀምጣ አሮጌውን ጭልፋ ውሃ ሞልታ ገለበጠችበት። አራት መቶ ግራም። በአዲሱ ደገመች። ሦስት መቶ። ውሃውን ደፍታ እንደገና ለካች፤ አሁንም ሦስት መቶ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለካ ጥቂት ውሃ ስለፈሰሰባት ሁለት መቶ ዘጠና አምስት አለ። እዚህ ላይ የምታሳብብበት አይጥ የለም።

ሒሳቡ ወዲያው ነው የተገለጠላት። ሥልጠና ላይ የተማረችው ትራፊ የባከነ ገንዘብ መሆኑን ነው፤ ድስቱ ሥር ምግብ ከተረፈ ድስቱ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከመጋዘን የሚወጣውን እህል ቀንሱ ተብለዋል። የዛሬ አምስት ወር፣ አዲሱ ጭልፋ በገባ ሳምንት፣ ድስቱ ሥር ብዙ ምግብ መትረፍ ጀመረ። የተማረችውን አደረገች። በቀን ስልሳ ኪሎ የነበረውን ሃምሳ አምስት አደረገችው፤ አሁንም ተረፈ። ሃምሳ፤ አሁንም። አርባ አምስት ላይ ድስቱ ተጠርጎ ወጣ፤ እሷም በዚያ ቀን ደስታዋን አልቻለችውም። በኩሽናው በር ላይ በትልልቅ ፊደል "አንድ ልጅ፣ አንድ ጭልፋ" ብላ የለጠፈችው በዚያው ሰሞን ነው። ስለ ጭልፋው ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም። አራት መቶ ሃያ ልጅ አምስት ወር ሙሉ ሩብ ምሳው ሲጎድልበት፣ የጎደለው ሁሉ በእሷ መዝገብ ላይ ትርፍ እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል።

በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው።

"ጭልፋዬን ይዘሽ የት ገባሽ?" ካሉ በኋላ ሚዛኑን፣ ውሃውንና ሁለቱን ጭልፋዎች አዩ።

"እማማ፣ ያውቁ ነበር?"

"እኔ ሚዛን አላውቅም ልጄ። እጄ ግን ያውቃል። አምጥተሽ የሰጠሽኝ ለት ነግሬሻለሁ። ይሄ ጭልፋ ሳህን አይሞላም አልኩሽ።"

እውነት ነው፣ ብለዋታል። የሰጠቻቸው መልስም ትዝ አላት፤ "ትራፊው ስለቀረብዎት ነው አይደል?" ነበር ያለቻቸው። ዱሮ የኩሽና ሠራተኞች የተረፈውን በባልዲ ወደየቤታቸው ይወስዱ ነበር፤ ያስቀረችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ መጠን የሚሉትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

"ለምን ደግመው አልነገሩኝም?"

"ሌባ ካልሽኝ በኋላ?" አሉ እማማ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የትናንት ወሬ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። "አሁን ጭልፋዬን ስጪኝ፣ ድስቱ ሊያርብኝ ነው።"

አዲሱን ሰጠቻቸው። አሮጌውን ግን ይዛ ወደ ቢሮዋ ገባችና የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። በእሷ ላይ መፍረድ ለሚፈልግ ሰው ይቺ ሰዓት ትበቃዋለች። ማን ያያል ብላ አስባለች። ነገ በራሷ ገንዘብ ትልቅ ጭልፋ ትገዛለች፣ እህሉንም ቀስ እያደረገች ወደ ስልሳ ትመልሰዋለች ብላ አስባለች። ቅጹን ከፋይሉ አወጣች።

ስልኳ ጠራ። ባሏ ነው።

"ፈረምሽ?"

"ገና አልመጡም።"

"አይዞሽ፣ ያንቺ ነው። ስትመጪ ዳቦ ግዢ፣ አልቋል።"

"ትናንት ማታ ስድስት ገዝቼ?"

"ሁለቱን ልጅቷ ይዛ ሄዳለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ።"

"ምን ልታደርግበት? ምሳ ትበላ የለም እንዴ?"

"አትቆጫት እንግዲህ። ሁልጊዜ ነው የምትይዘው። ለእማዬ እንዳትነግራት ስላለችኝ ነው። እዚያ ያለው አይበቃኝም ትላለች።"

ምን ብላ ስልኩን እንደዘጋችው አታስታውስም። ባለፈው ሳምንት ልጇ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ዳቦ ስታነሣ "ሆድሽ ቀዳዳ አለው እንዴ? ምሳ የበላ ሰው አይደለሽም?" ብላታለች። ልጅቷ ዳቦውን ወደ ቦታው መልሳ ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች። የአምስተኛ ክፍል መምህርቷም አንድ ቀን "ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ይተኙብኛል" ስትላት "ጠግበው ነዋ" ብላ ስቃለች። የእሷ ልጅ ቤቷ ዳቦ ስላለ ደብቃ ትይዛለች፤ ቤቱ ዳቦ የሌለው ልጅስ?

ተቆጣጣሪው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ፋይል ሳይዙ የማይንቀሳቀሱ ሰው ናቸው። ወንበር ላይ እንደተቀመጡ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

"አይጧንም ጽፈሻታል!" ብለው ሳቁ። "እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር እንዲህ ያለ መዝገብ አላየሁም። አለቆቼም ወደውታል። ከዚህ ተነሥተው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የአሥራ ዘጠኙም ትምህርት ቤት የእህል ኮታ በሩብ እንዲቀነስ ወስነዋል።"

"በሩብ?"

"በሩብ። ያንቺ አኃዝ እኮ ነው። አንቺ ጋ ከተቻለ ሌላው ጋ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፣ የሚጠብቀው ያንቺን ፊርማ ነው።" ቅጹን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። "ልጆቹ በዚህ መጠን በቂ ምግብ አግኝተዋል በሚለው ሥር ፈርሚ። ከዚያ የቅጥርሽን ወረቀት እሰጥሻለሁ።"

እስክሪብቶዋን አነሣች። ቅጹ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ቁርስ በልተዋል?"

"የቁርስ ነገር አታንሺብኝ። ከቤቴ የወጣሁት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።"

ወደ ኩሽናው ሄዳ እማማን በአዲሱ ጭልፋ አንድ ጊዜ አስጨልፋ ሳህኑን ይዛላቸው መጣች። ተቆጣጣሪው ማንኪያውን እስከ አፉ ሳይሞሉ በዝግታ በሉ፤ ያም ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ማንኪያው ሳህኑን መፋቅ ጀመረ። አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"የእማማ እጅ አይለወጥም። ለቅምሻ ይበቃኛል፤ ዋናውን ከልጆቹ ጋር እንበላለን።"

"ዋናው እሱ ነው ጋሼ።"

"የቱ?"

"የበሉት። የአንድ ልጅ ምሳ ነው።"

የምትቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ፊቷን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። መሳቢያውን ከፍታ አሮጌውን ጭልፋ ፊታቸው አኖረችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ የባለሱቁን፣ የትራፊውን፣ የእማማን፣ የልጇንም ዳቦ ሳታስቀር።

ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ይህን ማን ያውቃል?"

"እማማ፣ እኔ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"ስሚኝ ልጄ። ነገ ትልቁን ጭልፋ ታስበይጃለሽ፤ እህሉንም ወደ ስልሳ ትመልሻለሽ። ልጆቹ ይጠግባሉ። ቅጹ የሚናገረው ስላለፈው ነው፣ ያለፈው ደግሞ አልፏል። አንቺም ቋሚ ትሆኛለሽ።" መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ ጨመሩ። "እኔም አልዋሽሽም፤ በወር በወሩ እየመጣሁ ሳላየው ቀርቻለሁ። የምትጠየቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም።"

"የሌሎቹ ኮታስ?"

ቅጹን ትንሽ ወደ እሷ ጠጋ አደረጉት።

"የእነሱ ጭልፋ ትልቁ ነው ጋሼ። እህሉ በሩብ ሲቀነስ ሰልፉ ሳያልቅ ድስቱ ያልቅባቸዋል። ከኋላ የቆመው ልጅ ባዶ ሳህን ይዞ ይመለሳል።"

ተቆጣጣሪው ባዶውን ሳህን አዩት። ከመስኮቱ ውጪ የልጆች ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ለምሳ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ከጠረጴዛዋ ጥግ የእቃ ማውጫ ደብተሯን ሳበች። "ሩዝ 10 ኪሎ፣ ምስር 5 ኪሎ" ብላ ጻፈች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ ቆም አለችና "የጎደለ ምሳ ማሟያ" ብላ ሞላች። ፈረመችና አሮጌውን ጭልፋ ይዛ ተነሣች።

እማማ የሁለተኛውን ድስት ነገር ሲሰሙ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

"ልጆቹ ስድስት ሰዓት ላይ በር ላይ ናቸው።"

"ይጠብቃሉ እማማ። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው።"

"አምስት ወር ጠብቀው የለ" አሉ እማማ።

የሚገባትን ነው ያገኘችው፤ ዋጥ አደረገችው። "እማማ፣ ያን ቀን ያልኩዎትን ነገር… በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

እማማ ክዳኑን ከሁለተኛው ድስት ላይ አነሡ። "ውሃውን ጣጂልኝ" አሉ። "ምስሩን እኔ አጥባለሁ።" ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ። ዘበኛው አሮጌውን ጭልፋ በመጥረጊያ እንጨት ላይ በሽቦ ጠፍሮ አሰረላቸው። መልኩ ያስቅ ነበር፤ ግን ያዘ።

ምሳው በሠላሳ አምስት ደቂቃ ዘገየ። መምህራኑ አጉረመረሙ፣ ልጆቹ በሰልፉ ላይ ተገፋፉ። ጭልፋውን የያዘችው ራሷ ኃላፊዋ ናት። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሳህናቸውን እንደተቀበሉ ወደ ጎን ሊሉ ሲሉ ክብደቱ እጃቸውን ሳብ ያደርገውና ቀና ብለው ያዩዋት ነበር። አንዱ "ዛሬ ምንድን ነው?" አላት። "ምሳ ነው" አለችው።

የሦስተኛ ክፍል ሰልፍ ሲደርስ ልጇ ፊቷ ቆመች። ትምህርት ቤት ውስጥ እናትና ልጅ እንዳይመስሉ፣ ለልጄ አዳላች እንዳይባል፣ ሳይነጋገሩ ነው የሚውሉት። ጨለፈችና ገለበጠችላት። ልጅቷ ሳህኗን አይታ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

"እማዬ" አለች በሹክሹክታ፣ "አበዛሽብኝ። ሰው ያያል።"

"አላበዛሁም። ከፊትሽም ከኋላሽም ላለው እኩል ነው። ሂጂ ቁጭ ብለሽ ብዪ።"

ልጅቷ ሄደች፤ እየሄደች ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። አላመነቻትም። እናትየው ቀጣዩን ሳህን ተቀበለች።

ወደ ቢሮዋ ስትመለስ አዲሱን ጭልፋ ይዛ መጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፤ ተቆጣጣሪው አልሄዱም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ሰልፉን ሲያዩ ቆይተዋል ማለት ነው። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ የቅጥሩ ወረቀት ከፋይሉ አልወጣም።

"ኮንትራትሽ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ባዶ ቅጽ ይዤ መመለስ አልችልም።"

ተቀመጠች። ባሏን አሰበችው፤ ማታ ገና ከበር ስትገባ ዓይን ዓይኗን ነው የሚያያት። "የተገኘ ውጤት" በሚለው ሥር የተጻፈውን ሠላሳ ጆንያ በአንድ መስመር ሰረዘችና ከበላዩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "አራት መቶ ሃያ ልጆች ለአምስት ወር ሩብ ምሳ ጎድሎባቸዋል። የጎደለው በጭልፋው ማነስ ነው፤ ጭልፋውን ሳልለካ የገዛሁት እኔ ኃላፊዋ ነኝ።" ሥሩ ላይ ፈረመች።

ተቆጣጣሪው አንብበው ፋይላቸው ውስጥ ከተቱት። ሊነሡ ሲሉ "አንድ ነገር ቀርቷል" አለቻቸውና የንብረት ዝርዝሩን ገለጠች። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድን ሰረዘች። ከሥሩ ባለው ክፍት መስመር ላይ "ጭልፋ፣ አዲስ፣ ያልተሰበረ፣ ብዛት አንድ፣ የሚወገድ" ብላ ጻፈች። ምክንያት በሚለው ላይ "ያንሳል" ብላ ሞላች። ደብተሩን ወደ እሳቸው አዞረችው።

"የሚወገድ እቃ በዓይን መታየት አለበት ጋሼ። አይተውታል አይደል?"

ተቆጣጣሪው ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን የሚያብረቀርቅ ጭልፋ፣ ከዚያም የበሉበትን ሳህን አዩ።

"አይቻለሁ" አሉና እስክሪብቶውን ተቀበሏት።